ሁለት አፍ ባንድ ማይክ

ቸሩ ስለ ሮክ ኤንድ ሮል የሚያውቀው ሁለት ነገር ነበር፤ ጊታሩ እንደሚጮህና ዘፋኙ ፀጉሩን እንደማይቆረጥ። ሁለተኛው ስህተት መሆኑን የተረዳው ማርሊስን ማመላለስ ከጀመረ በኋላ ነው።

ማርሊስ ፀጉራቸውን አሳጥረው የሚቆረጡ፣ ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላቸው፣ ፍሪድሊ ውስጥ ባለ የአረጋውያን አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ሰንብቷል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ቸሩ ቫኑን ከሕንፃው በር ላይ ያቆምና የዊልቸሩን ሊፍት ያወርዳል። እሳቸው "ዛሬም አልሞትኩም" ይላሉ። እሱ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። ከዚያ ወደ ዳያሊሲስ ይሄዳሉ። ለሁለት ዓመት ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

ቸሩ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ እያለ ከኮልፌ ፒያሳ ሚኒባስ ይነዳ ነበር፤ ያኔ ተሳፋሪ ማለት ከኋላ "ወራጅ አለ" የሚል ድምፅ ነው። ሚኒያፖሊስ መጥቶ ዊልቸር የሚጭን ቫን መንዳት ሲጀምር ተሳፋሪው ፓሸንት ሆነ። ፓሸንት ደግሞ ወራጅ አይልም፤ ያወራል። ቸሩ በአሥራ አንድ ዓመት የሰማውን ኑዛዜ አንድ ቄስ በሁዳዴ አይሰማውም።

በኅዳር አንድ ረቡዕ፣ በረዶ እየጣለ፣ ሬዲዮው ላይ አንድ የድሮ ዘፈን መጣ።

"አጥፋው" አሉ ማርሊስ ከኋላ።

ሬዲዮ አጥፋ ብለው አያውቁም። ስለ አየር ሁኔታ የሚለፈልፈውን ሰውዬ እንኳን እስኪጨርስ ይታገሡት ነበር።

"ድምፁ በዛ እንዴ፣ ሚስ ማርሊስ?"

"አልበዛም። የምትዘፍነው እኔ ነኝ።"

ቸሩ በመስታወት አያቸው። እሳቸው በመስኮት በረዶውን ያያሉ። ፓሸንት ብዙ ነገር ይላል፤ አንዱ የጨረቃ ግማሽ የኔ ነው ብሎት ያውቃል። አጠፋው።

"አላመንከኝም" አሉ።

"አምኛለሁ።"

"አላመንክም። ያመነ ሰው አያጠፋም፤ ድምፁን ይጨምራል።"

ማታ ቤቱ ገብቶ ለልጁ ለኤልሻዳይ ነገራት። ኤልሻዳይ ሚኔሶታ ተወልዳ አማርኛን እንደ ሚጥሚጣ ጣል እያደረገች የምትናገር የሃይስኩል ተማሪ ናት። ሁለት ቃል ጻፈችና ስልኩን ሶፋው ላይ አስቀመጠችው። "ኮትህን ውሰድ" ይላል ርዕሱ፤ 1962። ፎቶው ላይ አራት ወንዶች ልጆችና አንዲት ቀጭን ልጅ ቆመዋል። አገጯን ወደ ላይ ቀና አድርጋለች፤ ዊልቸር ላይ ሲያስቀምጣቸው ማርሊስ አገጫቸውን የሚያነሱት ልክ እንደዚያ ነው።

ዘፈኑ ከሦስት ደቂቃ ያንሳል። አንዲት ልጅ፣ ጥሏት የሄደው ልጅ ኮቱን እሷ ቤት ረስቶ ውጭው ደግሞ ብርድ ነው፤ ና ውሰድ ትለዋለች። ይኸው ነው። የቸሩ ሚስት ሰገነት የሆስፒታል ዩኒፎርሟን እያጣጠፈች በግማሽ ጆሮዋ ትሰማለች። አንድ ደቂቃ ከአርባ አንድ ሴኮንድ ላይ ከበሮውም ጊታሩም ባንዴ ቀጥ አለ። ከዚያ ጩኸት መጣ። ከታች፣ ከደረት ይነሳና ሲወጣ ሲወጣ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል፤ ከስንጥቁ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ከበሮው ተመልሶ ገባና ዘፈኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ።

ሰገነት ልብሱን አስቀመጠች። "ማን ሞቶባት ነው?"

"ማም፣ ኢትስ ኤ ፓርቲ ሶንግ" አለች ኤልሻዳይ።

"እኔ ሙዚቃውን አልጠየቅኩሽም።"

ዓርብ ጠዋት ቸሩ ቫኑን ከማስነሳቱ በፊት "ሰማሁት" አላቸው። ማርሊስ ከፍሪድሊ ዳያሊሲስ ቤት ድረስ፣ ከዚያም በሚቀጥለው ሰኞና ረቡዕ፣ ታሪኩን በየቁራጩ ነገሩት። ቸሩ ለሚስቱ ሲደግምላት እዚህ ቦታ ላይ አንቱታውን ያነሳ ነበር፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅን አንቱ እያሉ ሮክ ኤንድ ሮል አይሆንም።

ማርሊስ ዘፈኑን የሠራችው ጂን ከሚባል የሰፈሯ ልጅ ጋር ነው። እሱ ጊታር ይመታል፤ አብሯት ይዘፍናል። የቀዱት ሌክ ስትሪት፣ አንድ የሶፋ ሱቅ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ባለሱቁ ከላይ ሶፋ እየሸጠ ከታች ዘፈን ይቀዳል። ማይኩ አንድ ብቻ ስለሆነ እሷና ጂን ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ይዘፍኑበታል። ባለሱቁ ከመስታወት ወዲያ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ስልክ አለ።

አባቷ የዚያን ቀን ሐይቅ ሄዶ ነበር። የሚኔሶታ ሰው በክረምት ሐይቁ ሲቀዘቅዝ መሐሉ ድረስ በእግሩ ይሄዳል፤ በረዶውን ይበሳና ዓሣ ያጠምዳል። የዚያን ቀን በረዶው ተከፈተ።

ስልኩ የተደወለው አራተኛውን ቅጂ እየዘፈኑ ሳለ ነው። ባለሱቁ አነሳው። ማርሊስ በመስታወቱ አየችው፤ ፊቱን አየች። ከዚያ ጩኸቱ። ከዚያ ከበሮው ገባ፤ ዘፈኑን ጨረሱት።

"ከዚያስ?" አለ ቸሩ።

"ከዚያ ባለሱቁ ሳንድዊች አስገዛ። ሁላችንም በላን። ስንጨርስ አባትሽ ሞቷል አለኝ።"

"ጨዋ ሰው ነበር።"

"ምኑ ነው ጨዋ?"

"አብልቶ መንገሩ።"

ማርሊስ ከመስኮቱ ወደ እሱ ዞሩ። "ስልሳ አራት ዓመት ስረግመው ኖሬያለሁ" አሉ።

የነገሩ ቋጠሮ ያለው ጩኸቱ ላይ ነው። የተቀዳውን መልሰው ሲያዳምጡ ማርሊስ ወደ ጂን ዞረች፤ ጂን ወደ ማርሊስ። አንተ ነህ አለችው። አንቺ ነሽ አላት። ጩኸቱ ሲወጣ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ባለሱቁም ወደ ስልኩ ዞሮ ነበርና ምስክር የለም። የቀሩት ልጆች ከጀርባ ናቸው፤ የሚያዩት የሁለቱን ጀርባ ብቻ ነው። ሸክላው ወጣ፤ አገር ጨፈረበት። ቺካጎ ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ጩኸቱ ጋ ሲደርሱ ማርሊስ አፏን ከፈተች፤ አየር ብቻ ወጣ። ጂን ሊያድናት ብሎ ሞከረ፤ እሱ ደግሞ ባሰበት። አንተ እየደበቅክ ነው፣ አንቺ ነሽ የምትደብቂው፤ ዓይንና ናጫ ሆኑ። የሙዚቃ ባንዱ ፈረሰ። ማርሊስ ፍሪድሊ ፋብሪካ ገብታ ሰው ልብ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ሽቦ ስትበይድ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራች። አልዘፈነችም። ለልደት እንኳን አፏን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው።

"የሳቸው ድምፅ ነው?" ሲል ጠየቀ ቸሩ፤ ሳያስበው በእንግሊዝኛውም አንቱ ያላቸው መስሎት።

"የማን?"

"የሚስተር ጂን።"

"የሱ ነው። አስበው እስቲ። እኔ አልተነገረኝም። ያልተነገረው ሰው በምን ያለቅሳል? ፊት አየሁ እንጂ ቃል አልሰማሁም።" ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ "የኔ ከሆነ ደግሞ፣ ቸሩ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ ስልሳ ዓመት ሙሉ የጨፈረው ባባቴ ለቅሶ ነው ማለት ነው። እኔም ቆሜ አጨፍሬዋለሁ። ስለዚህ የኔ አይደለም።"

ቸሩ መልስ ያለው መሰለው፤ ግን ዳያሊሲሱ ቤት ደርሰው ነበር።

ከገና በኋላ ሹፌሮቹን በስልክ የሚያሰማራው ዲስፓቸር ኤጀታ ለማክሰኞና ሐሙስ አዲስ ፓሸንት ጨመረለት። ሴንት ፖል የሚኖሩ፣ ልባቸውን ታመው ቴራፒ የሚመላለሱ፣ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሽማግሌ። በሁለተኛው ቀን "ሮክ ኤንድ ሮል ትወዳለህ?" አሉት። ቸሩ ስማቸውን ወረቀቱ ላይ ደግሞ አየው። ጂን ይላል።

ቫኑ ውስጥ ዊልቸር የሚታሰርበት ቦታ አንድ ነው። ረቡዕ ማርሊስ ይታሰራሉ፤ ሐሙስ ጂን። ስልሳ አራት ዓመት ያልተያዩ ሰዎች አንድ ቀበቶ እየተቀባበሉ ነበር።

"የሷ ነው" አሉ ጂን። "እኔ ከዚያ ወዲህ ያን ድምፅ ለማውጣት ያልሞከርኩበት ቦታ የለም። መኪና ውስጥ፣ ሐይቅ ላይ፣ አንዴ ቤተክርስቲያን ምድር ቤት። የሚወጣኝ እግሩን የረገጡት ፍየል ነው። እሷ የሰውየውን ፊት አይታለች። እኔ ጉንጬ ጉንጯ ላይ ነበር፤ ሲቀዘቅዝ ተሰምቶኛል።"

"ነግረዋቸዋል?"

"ሁሌ ገና በደረሰ ቁጥር እጽፍላታለሁ። አንቺ ነሽ ብዬ። ሌላ ቃል የለውም። መልስ ሰጥታኝ አታውቅም።"

ቸሩ ማታውኑ ለኤጀታ ደወለ። ኤጀታ የነቀምት ልጅ ነው፤ መንገድ የጠፋበትን ድራይቨር በስልክ ብቻ ከበረዶ ውስጥ ጎትቶ ሲያወጣ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

"ኤጀታ፣ ሁለት ፓሸንት ተጣልተው ቢሆን፣ ማስታረቅ ይቻላል?"

"ያንዱን ነገር ላንዱ ነግረሃል?"

"አልነገርኩም።"

"እንዳትነግር። ሂፓ የሚባል ሕግ አለ። የፓሸንት ነገር ለሌላ ሰው አይወራም፤ ካወራህ አንተም እኔም ሥራ የለንም። ለመሆኑ አንተ ሽማግሌ ነህ ድራይቨር?"

"ድራይቨር።"

"እንግዲያው ድራይቭ አድርግ።"

ድራይቭ አደረገ። እስከ የካቲት ድረስ ማክሰኞ የሰማውን ረቡዕ ዋጠ፤ ረቡዕ የሰማውን ሐሙስ ዋጠ።

በየካቲት ሁለተኛው ረቡዕ ማርሊስ "ቅዳሜ የግል ሥራ ትሠራለህ?" አሉት።

"እሠራለሁ። የት ነው?"

"ሴንት ፖል። ካንድ ውሸታም ጋር ቀጠሮ አለኝ።" አድራሻ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አቀበሉት። ቸሩ ወረቀቱን ማየት አላስፈለገውም፤ ለይስሙላ አየው። "ደወልኩለት" አሉ ማርሊስ። "ሐኪሙ ልቤም እየደከመ ነው ብሎኛል፤ የሚቀጥለውን ገና አልጠብቅም። ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ የኔ ነው ይበለኝና ልረፍ። ካላለ ግን..."

"ካላሉስ?"

"ካላለ የኔ ነው ማለት ነዋ። ያንን ደግሞ ብቻዬን ይዤው አልሞትም፤ እሱ ባለበት ልስማው።"

ሐሙስ ጠዋት ቸሩ ሴንት ፖል ሄዶ የጂንን በር አንኳኳ። የከፈተችው ልጃቸው ናት። በካልሲ ነው የቆመችው።

"በጣም ይቅርታ፣ ካንስል ማድረግ ረሳሁ" አለች። "አባባ ሌሊት አረፈ።"

ከዚያ ይቅርታዋን ደገመች፤ በዚህ ብርድ ስላመላለሰችው። ከኋላዋ ወንበር ላይ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ተንጠልጥሏል። ዓይኑን ተከትላ አየችውና፣ "ለቅዳሜ ብሎ አስተኮሰኝ። ማን ሊመጣ እንደነበር አልነገረኝም" አለች። ቸሩ ያውቅ ነበር። አልነገራትም። ባዶውን ዊልቸር ቫኑ ውስጥ አስገብቶ አሰረው፤ መታሰር እንደማያስፈልገው ትዝ ያለው ሀይዌይ ላይ ነው።

ዓርብ ማርሊስ ፀጉራቸውን ተሠርተው ወረዱ። "ዛሬም አልሞትኩም" አሉ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ ቸሩ፤ መሬት መሬት እያየ። መሪው ጋ ሲቀመጥ መጀመሪያ ያደረገው መስታወቱን ወደ ጣሪያው ማዞር ነው።

"መስታወቱ ምን ሆነ?"

"ፀሐዩ አስቸገረኝ።"

ፀሐይ አልነበረም። ማርሊስ የሚኔሶታ ሰው ናቸውና አልተከራከሩም። ቸሩ ይህን ያደረገው ሕጉን ፈርቶ አይደለም። ሐዘን የመጣበት ሰው ወደ ሐኪም ሲሄድ፣ መንገድ ላይ፣ ብቻውን ሆኖ፣ አይረዳም። የሞት ወሬ እንደ ፓኬጅ በር ላይ ተጥሎ አይኬድም። ጊዜ አለው፤ ሰው አለው። የአሜሪካ ሕግ አትናገር ይላል፤ የእናቱ አገር ደምብ አትናገር ይላል፤ በአሥራ አንድ ዓመት ሁለቱ ሲስማሙ ያየው ያን ቀን ነው። ከዳያሊሲስ ሲመልሳቸው መንገድ ላይ ቆሞ የዶሮ ሾርባና ዳቦ ገዛላቸው። "ምን በዓል ነው?" አሉት። "ይብሉ እንጂ" አለ፤ እስኪጨርሱ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ቆሞ ጠበቀ።

"ነገ በስንት ሰዓት ትመጣለህ?"

"በጠዋት።"

ማታ ከሰገነት ጋር አፕል ቫሊ ሄዱ፤ እትዬ አስካለማርያም ዘንድ። እትዬ አስካለማርያም ከቦሌ ከበረሩ ወዲህ ከማንም ጋር ተጣልተው የማያውቁ፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው የዕድሩ መርዶ አርጂ ናቸው። አገር ቤት ሰው የሞተበት የከተማው ኢትዮጵያዊ፣ ንጋት ላይ በሩ ሲንኳኳ ከፊት የሚያየው እሳቸውን ነው። እስካሁን አርባ አንድ ሰው አርድተዋል። ስለዚህ በአዘቦት ቀን ለሰላምታ ብቅ ሲሉ እንኳን ሰው ይደነግጣል፤ ለዚህ ብለው ለመጠየቅ ሲሄዱ አስቀድመው ይደውላሉ።

"ሟች ባሏ ነው?" አሉ።

"አይደለም።"

"ወንድሟ?"

"አይደለም። ስልሳ አራት ዓመት የተጣሏቸው ሰው ናቸው።"

"ኧኸ። እሱ ከባልም ይብሳል። ዘመድ የላትም?"

"የላቸውም።"

"እንግዲያው እኛ ነና።"

ሰገነት የፈራችው ሌላ ነው። "እትዬ፣ ሕጉ አይፈቅድም። ተናገረ ቢባል ሥራውን ነው የሚያጣው።"

"ማን ይናገራል?" አሉ እትዬ አስካለማርያም። "አርባ አንድ ሰው ሳረዳ አንድ ቀን ሞተ የሚል ቃል ካፌ ወጥቶ አያውቅም። ገብቼ እቀመጣለሁ። መርዶ በአፍ ነው እንዴ የሚነገር?"

ቸሩ ይህን ሲሰማ ለማርሊስ ያልሰጠው መልስ ምን እንደነበር ገባው፤ ፊት ያየ ሰው ቃል አያስፈልገውም። ያንን ሌሊት ብዙም አልተኛም።

ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ብርዱ ትንፋሽ የሚያደርቅ ሆኖ፣ ፍሪድሊ አፓርታማው በር ላይ ሲደርሱ ኤጀታን ቆሞ አገኙት። ጥቁር ኮት ለብሷል።

"አንተ ደግሞ?"

"ሐሙስ ካንስል ያደረግኩት እኔ አይደለሁም እንዴ። ዓርብ ሾርባ ልትገዛ መንገድ ላይ ስትቆም ስክሪኔ ላይ አይቼህ ያኔ የጠየቅከኝ ስለነማን እንደነበር ገባኝ፤ መርዶ ደግሞ ንጋት ላይ ነው። ሴትየዋ ብቻቸውን እንደሆኑ ፋይሉ ላይ አለ።" አፍንጫውን ጠረገ። "እንደ ካምፓኒ አልመጣሁም። እንደ ሰው ነው።"

አራቱም በሊፍት ወጡ። እትዬ አስካለማርያም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ሰገነትም እንደሳቸው። ኮሪደሩ ምንጣፍ ስለሆነ ኮቴ የለም። ቸሩ አንኳኳ። የዎከሩ ጎማ ከውስጥ ሲንኮራኮር ተሰማ፤ በሩ ተከፈተ። ማርሊስ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከንፈራቸውን ቀለም ነገር ነካ አድርገው፣ ለመንገድ ተዘጋጅተዋል።

"ቀደምክ" አሉ ለቸሩ።

ከዚያ ከኋላው ያሉትን አዩ። እትዬ አስካለማርያምን አዩ፤ ሰገነትን አዩ፤ ኮፍያውን ያወለቀውን ኤጀታን አዩ። ተመልሰው ወደ ቸሩ መጡ። ቸሩ ፊቱን የሚያዞርበት መስታወት አልነበረውም። ማንም አልተናገረም። ማርሊስም አልጠየቁም። እጃቸው ከዎከሩ ላይ ተነሳ።

ቸሩ ብዙ ለቅሶ ያውቃል። ኮልፌ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ያውም ቀብር አድራሽ ሲያመላልስ የኖረ፣ ጩኸት ለጆሮው አዲስ አይደለም። ይህ ግን አዲስ ነበር፤ ደግሞም በደንብ የሚያውቀው ነበር። ከታች፣ ከደረት ተነሳ። ሰማንያ አንድ ዓመት የኖረ፣ ኩላሊት የሌለው፣ ልቡ የደከመ ሰውነት ከየት እንዳመጣው እንጃ፤ ወጣ፤ ወጣ፤ ጣሪያው ያለ አይመስልም ነበር። ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ ውስጥ ያ ቀጭኑ፣ የልጅ ድምፅ ወጣ፤ አሥራ ሰባት ዓመት፤ ምንም ያልነካው፤ እዚያው እንደተቀመጠ። ቸሩ ግድግዳውን ያዘ። ሬዲዮ ላይ፣ ስልክ ላይ የሰማው የዚህ ጥላ ኖሯል። ሰው ስልሳ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ውስጡ ይዞ ሽቦ ይበይዳል፣ ሾርባ ይጠጣል፣ ዛሬም አልሞትኩም ይላል።

ድምፁ ሲያበቃ ኮሪደሩ ዝም አለ። ከበሮ አልገባም።

እትዬ አስካለማርያም አርባ አንድ ጊዜ ጩኸት ሲነሳ ተቀብለው ከፍ ያደርጉ ነበር፤ ሥራቸው ነው። የዚያን ቀን አላደረጉትም። አንድ እርምጃ ወደኋላ ብለው አማተቡ። ከዚያ ቀርበው ማርሊስን አቀፏቸው፤ አስገብተው ሶፋው ላይ አስቀመጧቸው፤ ራሳቸውም አጠገባቸው ተቀመጡ። ለሚቀጥለው ሩብ ሰዓት ማርሊስ በእንግሊዝኛ አለቀሱ፤ እትዬ አስካለማርያም በአማርኛ "አይዞሽ ልጄ" እያሉ ጀርባቸውን መቱ። በመካከላቸው የዘጠኝ ዓመት ልዩነት አለ፤ ልጄ የምትለዋ ታናሽቱ ናት። ማንም ልብ አላለም።

"አልነገራችሁኝም" አሉ ማርሊስ በመጨረሻ፤ ቸሩን እያዩ። "ማናችሁም አልነገራችሁኝም።"

"አልነገርንዎትም" አለ ቸሩ።

"ግን ዐወቅኩት።"

"አዎ።"

"በሩን እንደከፈትኩ።" እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አደረጉ፤ የሰው ዕቃ እንደሚነካ ሰው፣ በጥንቃቄ። "ያው ራሱ ነው፤ አይደል? ሰምተኸዋል። ያው ራሱ ነው።"

ቸሩ ራሱን ነቀነቀ። ሰገነት ይህን ሁሉ ለእትዬ አስካለማርያም ባጭሩ አስረዳቻቸው፤ መስታወቱን፣ ስልኩን፣ ሳንድዊቹን። አሮጊቷ እስኪያልቅ ሰሙና "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አሉ። ቸሩ ለማርሊስ ሊተረጉምላቸው ሞከረ። "ሰው የገዛ ራሱን ነገር የገዛ ጆሮው አይነግረውም ነው የሚሉት።"

"ጂን ነግሮኝ ነበር" አሉ ማርሊስ። "በያመቱ።"

በሩ ተንኳኳ። ኤጀታ ማን እንደሆነ ሳይነገረው ተነሥቶ ሁለት እጁን የሚታይ ቦታ ላይ አደረገ። ጎረቤት ደውሎ ኖሮ ፖሊስ ነው የመጣው፤ ረጅም፣ ጢማም፣ ጫማው ላይ በረዶ ያለበት ሰው። በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን ቃኘ፤ ሁለት ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ እጁን የዘረጋ ሰው፣ ግድግዳ የተደገፈ ሰው፣ መሐል ላይ ያለቀሱ አሮጊት።

"ማዳም፣ ከዚህ ቤት ጩኸት ተሰማ ተብሎ ነው። ደህና ነዎት?"

"ደህና አይደለሁም። ሰው ሞቶብኛል።"

"አዝናለሁ። ማን?"

"ጂን" አሉ ማርሊስ።

ቸሩና ኤጀታ ተያዩ። ማን እንደሞተ እዚያ ቤት ውስጥ ማንም አልተናገረም ነበር።

ፖሊሱ ትንሽ ደብተሩን አወጣ። ነገሩ ያሳፈረው ይመስላል፤ ግን ጥሪ ከመጣ መሞላት ያለበት ነገር አለ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለሪፖርቱ ነው። የጮኸው ማነው?"

ማርሊስ አገጫቸውን አነሱ።

"እኔ ነኝ።"

ፖሊሱ ጻፈ።

"የመጀመሪያውም እኔ ነኝ" አሉ። "የካቲት 1962፣ ሌክ ስትሪት። እሱንም ጻፈው።"

ፖሊሱ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ ቸሩን አየው፤ ሴትየዋን ሐዘኑ አዙሯቸዋል ወይ የሚል አስተያየት ነው።

"ጻፈው" አለ ቸሩ።